ሙስሊም ተማሪ ከሀገሩ የሚርቀው በሃይማኖቱ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ጓደኞቼ እየተቀባበሉ ላኩልኝ። ስለ ሙስሊም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኢትዮጵያዊነት ስሜትና ስሜቱን ስለሚቀርጹት ሥነ ልቦናዊ ነገሮች ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው አንብበው እንደጻፉ ያስታውቃል። ስድብ የለበትም። ለሀገር መጨነቃቸውም የእውነት ነው። ግን እኔም ያጠናሁት ሥነ ልቦና ነው። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎችን ሳማክር ዓመታት አልፈዋል። ጽሑፉ የሚያወራው ቢሮዬ እየመጡ ስለሚያዋዩኝ ልጆች ነው። ዝም ማለት ከበደኝ።

ላላነበባችሁት ሐሳቡን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሙስሊም ተማሪ ሃይማኖቱን አጥብቆ በያዘ ቁጥር ኢትዮጵያዊነቱ ይላላል ይላል። ምክንያት ብሎ ያስቀመጣቸው ሦስት ናቸው። በግቢ ውስጥ ያለው ጀመዓ፣ ማለትም የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር፣ ተማሪውን ከሌላው ይነጥለዋል። ሲደጋገም የኖረ የተበዳይነት ወሬ በሀገሩ ላይ ያስቀይመዋል። ከውጭ የገባ አለባበስና አነጋገር ደግሞ ልቡን ወደ አረብ ሀገር ያሸፍተዋል። መፍትሔው ሃይማኖትን ከግቢ በር ውጭ ማስቀረት ነው ይላል። በመጨረሻም ለሙስሊም ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ ሀገርና ሃይማኖት ቢጋጩ የቱን ትመርጣላችሁ?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው ልጀምር። ጸሐፊው ሃይማኖትንና ሀገርን በአንድ ሚዛን ሁለት ጫፍ ላይ ሰቅለዋቸዋል። አንዱ ሲከብድ ሌላው ይቀላል ነው ነገሩ። ለዚህም የማኅበራዊ ማንነት ንድፈ ሐሳብን ምስክር ጠርተዋል። የዚህ ሐሳብ አባት ሄንሪ ታጅፌል ነው። ታጅፌል ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከፈረንሳይ ጦር ጋር ተሰልፎ በጀርመኖች ተማረከ። አይሁዳዊነቱን አልካደም። የፖላንድ ሰው መሆኑን ግን ደብቆ ፈረንሳዊ ነኝ አለ። በዚህ ነፍሱ ተረፈች። ጦርነቱ ሲያበቃ ቤተሰቦቹ አልቀው ጠበቁት። ማንነት በወረቀት ላይ ሲጻፍ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በራሱ ላይ ያየ ሰው ነው።

ታጅፌል ያሳየው ሰው ለመከፋፈል ትንሽ ሰበብ እንደሚበቃው ነው። የእንግሊዝ ተማሪዎችን በሥዕል ምርጫቸው ብቻ ሁለት ቡድን ቢላቸው፣ ከሌላው ቡድን ይልቅ ለራሳቸው ቡድን ማድላት ጀመሩ። ግን ሰው ልቡ ውስጥ የተወሰነ ኪሎ ፍቅር አለው፣ ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው ይጎድልበታል አላለም። ከእሱ በኋላ የመጡት ሶንያ ሮካስና ማሪሊን ብሩወር በ2002 እ.ኤ.አ. ጥያቄውን በሌላ በኩል አዩት። ሰው ብዙ ማንነት አለው። ዋናው ነገር እነዚህን ማንነቶች በራሱ ውስጥ እንዴት አድርጎ ያያቸዋል የሚለው ነው። ይህን ደግሞ ብቻውን አይወስንም። የሚኖርበት ማኅበረሰብ አብሮ ይወስንለታል።

በ13 ሀገሮች የተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ጆን ቤሪና ዣን ፊኒ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ከ5 ሺህ በላይ የስደተኛ ቤተሰብ ወጣቶች ተጠይቀዋል። የሚለካው የዘርና የሀገር ማንነትን እንጂ ሃይማኖትን በቀጥታ አይደለም፤ ይህን አልሸፍንም። ውጤቱ ግን ለክርክራችን ይጠቅማል። በአንዳንድ ሀገር ሁለቱ ማንነቶች አብረው ከፍ ይላሉ። በሌላ ሀገር አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ነገሩ የወጣቶቹ ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ በየሀገሩ አንድ ዓይነት ውጤት በታየ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የሚኖሩበት ሀገር አቀባበል ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሳቱት ትልቅ ነገር አለ። የጠቀሷቸው ጥናቶች ሁሉ የተሠሩት አውሮፓ በሚኖሩ ስደተኞች ላይ ነው። በኔዘርላንድ ያሉ የቱርክ ተወላጆች ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ያ ተማሪ አያቱ ከሌላ ሀገር የመጣ ነው። ሁለት ሀገር አለው። የእኛ ተማሪ ግን ከየት መጣ? ከባሌ ነው፣ ከጅማ ነው፣ ከወሎ ነው፣ ከስልጤ ነው፣ ከሐረር ነው፣ ከአሶሳ ነው። ሌላ የሚሄድበት ሀገር የለውም። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ከመቶው ኢትዮጵያዊ 34 ያህሉ ሙስሊም ነው። የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች በ615 እ.ኤ.አ. ከመካ ሸሽተው የተጠለሉት፣ ወደ መዲና ከመሰደዳቸው (ከሂጅራ) በፊት፣ እዚሁ ሐበሻ ምድር ነው። ስደተኞቹ ያኔ እነሱ ነበሩ፣ ተቀባዩ የእኛው ንጉሥ ነጃሺ ነበር። ሙስሊም ተማሪን እንደ ስደተኛ ልጅ አድርጎ መለካት ከመነሻው እንግዳ ያደርገዋል። ያን ካደረጉ በኋላ ለምን እንደ እንግዳ ይሰማዋል ብሎ መጠየቅ አይሆንም።

ይህ እንግድነት ከየት መጣ? እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልቆይ፤ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው።

አማርኛ ውስጥ አንድ የቆየ አባባል አለ። «ሰማይ ዐምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» ይላል። ልጅ ሆኜ የሰማሁት ከክፉ ሰው አፍ አልነበረም። የሚወዱኝ የጎረቤት ሴትዮ ናቸው በጨዋታ መሐል የጣሉት። ቡና እየጠጣን ነበር። እናቴ ስኒውን እንደያዘች ዝም አለች። እኔ ደግሞ እናቴን አየሁ። አገር የለኝም እንዴ ብዬ ማታ ተኝቼ ሳስብ ነበር። ጀመዓ ምን እንደሆነ ገና አላውቅም። ከአረብ ሀገር የመጣ ሰባኪም አልሰማሁም። ያንን ጥያቄ ልቤ ውስጥ ያስገባው የራሴ ቋንቋ ነው።

አባባሉ ደግሞ ባዶ ቃል አልነበረም። በእኛ ዘንድ አገር ማለት ርስት ነበር። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በብዙ ቦታ ሙስሊም ርስት እንዳይዝ ይከለከል ነበር። ነጋዴ ወይም ሸማኔ ሆኖ የኖረው ወዶ ብቻ አይደለም። በ1870 ዓ.ም የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ሼህ ጦለሃ ቢን ጃዕፈር ደግሞ እምቢ ብለው ተነሡ። የ1948 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ደነገገ። በዚያው ዘመን «ሃይማኖት የግል ነው፣ ሀገር የጋራ ነው» የሚባለው ቃል በየቦታው ይነገር ነበር። ቃሉ ያምራል። እኔም እወደዋለሁ። ሕጉ ግን ሌላ ይል ነበር። በመንግሥት አነጋገር ደግሞ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባል ነበር፣ እንደ ተከራይ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ሰልፍ ወጡ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው እንደወጣ ይነገራል። ብዙ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰለፉ። የጠየቁት ምን ነበር? በዓላቸው እንዲከበር፣ በመንግሥት ሥራ በእኩል እንዲገቡ፣ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ። ከሁሉ በላይ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» ተብለው እንዲጠሩ ጠየቁ። ጸሐፊውን እዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያስቡ በአክብሮት እለምናቸዋለሁ። ያ ሁሉ ሰው የወጣው ከኢትዮጵያዊነት ልውጣ ብሎ አይደለም። አስገቡኝ ብሎ ነው። በሃይማኖቱ የጠነከረው ሰው ነው ሰልፉን የመራው፤ በሃይማኖቱ የጠነከረው ሰው ነው ኢትዮጵያዊ በሉኝ ያለው። የጸሐፊው ሚዛን ይህን እንዴት ይመዝነዋል?

ሕጉ ከዚያ በኋላ ተለወጠ። ደርግ ሦስቱን የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል አደረገ። በየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ መጣና የርስቱ ነገር አበቃ። በአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት ተለያዩ። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤቱም በ2012 ዓ.ም በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ሕግ ሲለወጥ በሰው አእምሮ ውስጥ ያለው ሥዕል በዚያው ቀን አይለወጥም።

ሁለት የሥነ ልቦና ሥራዎች ይህን በደንብ ያስረዱኛል። አሜሊ ሙመንዳይና ሚካኤል ቬንዘል በ1999 እ.ኤ.አ. እንዲህ አሉ፦ ብዙ ቡድኖች በአንድ ትልቅ ስም ሥር ሲኖሩ፣ አንዱ ቡድን የራሱን መልክ የሁሉም መልክ አድርጎ ያያል። ከዚያ ሌላው ሲለይበት «ከመልኩ ወጣ» ይለዋል። ሌላው የቲየሪ ዴቮስና የማህዛሪን ባናጂ ነው፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ። አሜሪካ ውስጥ «አሜሪካዊ» ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው የነጭ መልክ መሆኑን አሳዩ። የሚገርመው፣ የእስያ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ራሳቸው ሳይቀሩ እንደዚያ ነበሩ። የተወለዱበት ሀገር ሥዕል ውስጥ የራሳቸው ፊት የለም።

እኔ ደግሞ ከተማሪዎች ጋር ስንገናኝ የማደርጋት አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ጥናት አይደለችም። ወረቀት አድላለሁ። «ኢትዮጵያ ስትባል ቶሎ የሚመጣላችሁን አሥር ነገር ጻፉ» እላቸዋለሁ። ላሊበላ፣ አክሱም፣ ዓድዋ፣ ጥምቀት፣ ቡና፣ ሉሲ፣ ዓባይ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። ሁሉም የእኔም ነው፤ በላሊበላ ስኮራ ማንንም አላስፈቅድም። ግን ነጃሺን የሚጽፍ ጥቂት ነው። ሐረር ጁገልን የሚጽፍ ጥቂት ነው። በ1998 ዓ.ም የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ጁገል 82 መስጊድ በግንቡ ውስጥ ይዟል። የወሎን መንዙማ የጻፈ እስካሁን አንድ ልጅ ብቻ አገኘሁ። ሙስሊም ተማሪዎቹም እንደ ሌላው ነው የሚጽፉት። አንዱን «ነጃሺን ለምን አልጻፍክም?» ብዬ ጠየቅኩት። «እሱ የኛ ነው፣ እርስዎ የጠየቁን ስለ ኢትዮጵያ መስሎኝ» አለኝ።

ይህ ልጅ ሀገሩን ይወዳል። የተማረው ሥዕል ውስጥ ግን ራሱን አላገኘም። ጸሐፊው ያዩትን መራቅ እኔም አይቼዋለሁ፤ የለም አልልም። የምለያየው በምክንያቱ ላይ ነው።

ወደ ተበዳይነቱ ነጥብ እንሂድ። ጸሐፊው ተማሪዎቹ በድሮ በደል ወሬ ተመርዘዋል ይላሉ። ወሬውን ቢተዉ ስሜቱም ይተዋቸዋል ነው የሚሉት። በዚህ ላይ ናይላ ብራንስኮምና ባልደረቦቿ በ1999 እ.ኤ.አ. ጥቁር አሜሪካውያንን አጥንተዋል። ሰው በቡድኑ ምክንያት ተገፋሁ ሲል ይጎዳል። ሲጎዳ ደግሞ ወደ ቡድኑ ይበልጥ ይጠጋል፤ መጠጋቱ የጉዳቱ ማስታገሻ ነው። ማይኬል ቨርኩተንና አሊ የልዲዝ በ2007 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ ቱርኮች ላይ ያገኙትም ተመሳሳይ ነው። ተገፋን የሚሉት በሙስሊምነታቸው ይበልጥ ይጠነክራሉ፣ ከደች ማንነት ይርቃሉ። ጸሐፊው ሃይማኖተኛነትና መራቅ አብረው ሲሄዱ አይተው አንዱን የሌላው እናት አደረጉት። ከሁለቱ በፊት የሚመጣውን መገፋት ግን ዘለሉት።

መገፋቱም የድሮ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጥለዋል። በ2017 ዓ.ም አክሱም ውስጥ ሴት ተማሪዎች በሂጃባቸው ምክንያት ለ12ኛ ክፍል ፈተና እንዳይመዘገቡ ተከልክለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። እነዚያ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ የሚጠብቁ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ይዘውት የሚመጡት ይህን ነው። ሰባኪ የነገራቸው ሳይሆን የኖሩት ነው። ያለፈባት ልጅ ፊት ቁጭ ብሎ ወሬ ነው ማለት እኔ አልችልም።

በዚያው ልክ ሌላውንም መናገር አለብኝ። በ2003 ዓ.ም በጅማ አካባቢ ሙስሊም ነን ያሉ ሰዎች የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል። ያንን የሚያስታውስ ክርስቲያን ተማሪም ቢሮዬ መጥቷል፣ እሱም ቁስል አለው። የራሱን ቁስል ብቻ በስልኩ ቀኑን ሙሉ የሚያይ ተማሪ እየመረረው እንደሚሄድም አውቃለሁ። ቪዲዮውን ቀንሱ፣ ከሰው ጋር አውሩ እላቸዋለሁ። ጸሐፊው ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ባሉት ከእሳቸው ጋር ነኝ።

አሁን ጀመዓው። ጸሐፊው የገለጹት ጀመዓ በር ዘግቶ የሚያሤር ነገር ይመስላል። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ፍሬሽ ሆኜ የተመደብኩት ከቤቴ በጣም ሩቅ ነበር። አውቶቡስ ሲያደርሰኝ መሽቷል። ሻንጣዬን የተቀበሉኝ፣ ዶርም ያሳዩኝ፣ ፍራሽ ያፈላለጉልኝ የጀመዓ ልጆች ናቸው። በማግስቱ ሬጅስትራር አብረውኝ ተሰለፉ። ሒሳብ ሲከብደኝ ቲቶሪያል የሰጠኝ ከጀመዓው የመጣ የአራተኛ ዓመት ልጅ ነው። ኦርቶዶክስ ተማሪውን ግቢ ጉባኤ እንዲሁ ይቀበለዋል። ፕሮቴስታንቱን ፌሎሺፕ እንዲሁ ይቀበለዋል። ጸሐፊው ግን የሁለቱን ስም አላነሱም። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሦስት ማኅበሮች አሉ፣ ለሀገር ስጋት የተባለው አንዱ ብቻ ነው። ለምን? ቅድም ያነሳሁት ሥዕል እዚህም እየሠራ እንደሆነ ነው የሚታየኝ።

ጄምስ ማርሻ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በ1966 እ.ኤ.አ. ወጣቶች ማንነታቸውን የሚይዙባቸውን አራት ሁኔታዎች አስቀምጧል። አንዱ ከቤት የተሰጠውን ሳይጠይቅ የሚይዝ ነው። ሌላው ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ከዚያ መርጦ የሚይዝ ነው። ዩኒቨርሲቲ የመጠየቂያ ዕድሜ ነው። ከጅማ የመጣና ከወሎ የመጣ ሁለት ሙስሊም ልጆች ጀመዓ ውስጥ ሲገናኙ ነው እስልምናቸው በቋንቋም በልማድም እንደሚለያይ የሚያዩት። እኔ ከባሌ ልጆች ጋር የተዋወቅኩት እዚያ ነው። «አንተ መውሊድ ታከብራለህ፣ እኔ አላከብርም» ብለን ሌሊቱን ሙሉ ተከራክረናል። ከደሴ ሳልወጣ ባሌን አላውቃትም ነበር። ኢትዮጵያን ያሰፋልኝ ጀመዓ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ጀመዓ ሁሉ ግን ከጥፋት ነፃ አይደለም። የክርስቲያን ጓደኛህን እንኳን አደረሰህ አትበል የሚሉ ልጆች አጋጥመውኛል። አብረኸው አትብላ የሚሉም አሉ። ይህ ወሎ ላደገ ሰው ያማል። እኛ ቤት ለበዓል ክርስቲያን ጎረቤት ሲጠራ በጉን በቁሙ ሰጥተን ራሱ እንዲያርድ እናደርግ ነበር፣ እሱም ለእኛ እንዲሁ። እንዲህ ያለውን ስብከት ጀመዓው ራሱ ነው መመከት ያለበት፤ ሲመክትም አይቻለሁ። ጀመዓውን ብትዘጋው ግን ያ ስብከት አይጠፋም። ማንም ወደማያየው ወደ ስልክ ውስጥ ይገባል፣ የሚመልስለት ታላቅ ወንድምም አይኖርም።

የዶርሙ ነገር ደግሞ ጸሐፊው ጨርሶ አልነኩትም፣ እኔ ግን ትልቁ ነገር እሱ ይመስለኛል። ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እ.ኤ.አ. የተለያዩ ሰዎች መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው መቼ እንደሆነ ጽፏል። እኩል ሲሆኑ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ አብረው ሲሠሩ፣ በላያቸው ያለው ባለሥልጣን ሲደግፋቸው። የእኛ ዶርም ሦስቱ በተፈጥሮው አሉት። ምግቡ አንድ ነው፣ ፈተናው አንድ ነው፣ ውሃ ሲጠፋ የሚጠፋው ለሁሉም ነው። የእኔ ዶርም ውስጥ አንድ የጎጃም ልጅ ነበር፣ ለዲቁና የተማረ። ረመዷን ውስጥ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ለሱሁር፣ ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ፣ የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው፤ ያን ሰዓት እያነበበ ነበር። በሁዳዴ ደግሞ እኔ ካፌ ስሄድ የእሱን ድርሻ እስከሚበላበት ሰዓት አቆይለት ነበር። እርስ በርስ ስለ ሀገር ፍቅር አልተሰባበክንም። የጎደለው አራተኛው ነው፣ የባለሥልጣኑ ድጋፍ። አንድ ቀን አንድ መምህር ክፍል ውስጥ ስሜን ሲጠሩ «ይሄ የአረብ ስም ነው፣ ኢትዮጵያዊ ስም የለህም?» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። የጎጃሙ ልጅ አልሳቀም። ስሜ የአያቴ ስም ነው። አያቴ ደሴ ተቀብረዋል።

ስለ ውጭ ተጽዕኖው ባጭሩ። አለባበስ ተለውጧል፣ እውነት ነው። እናቴ ሻሽ ነበር የምታስረው፣ የእህቴ ልጅ ጅልባብ ትለብሳለች። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ልቧ ወደ አረብ ሀገር ሸፍቷል ብለዋል። ልጅቷ ግን ሜዲስን ተምራ ወደ ቦረና ወሎ ሄዳ መሥራት ነው የምትፈልገው። ጅንስ የለበሰ ሁሉ አሜሪካዊ አልሆነም። የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በአረብኛ ፊደል እየጻፉ በመንዙማ ለትውልድ አስተላልፈዋል፣ ሼህ ጦለሃ ራሳቸው በአማርኛ ገጥመዋል። ቁርአን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአማርኛ ተተርጉሞ ታትሟል። በ2004 ዓ.ም «ድምፃችን ይሰማ» ብለው የተነሡት ሙስሊሞች መብታቸውን የጠየቁት የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት እየጠቀሱ ነው። በውጭ ልብ የሚኖር ሰው የሀገሩን አንቀጽ ይዞ አይሟገትም።

የቀረው መፍትሔው ነው። ሃይማኖትን ከበር ውጭ ማስቀረት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል፣ ልክ ነው፣ እኔም እደግፋለሁ። መምህሩ ክፍል ውስጥ አይስበክ። አንቀጽ 27 ደግሞ የእምነት ነፃነትን ይሰጣል። ሁለቱ አብረው የተጻፉት አብረው እንዲሠሩ ነው።

ከበር ውጭ ይቅር ሲባል ደግሞ የማን ነው የሚቀረው? የተማሪ ካፌ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ያቀርባል። በጣም ጥሩ ነገር ነው። ተማሪው ይጾማል፣ ዩኒቨርሲቲው ያውቅለታል። እኔም ሽሮዬን በልቼ ተደስቻለሁ። ያ የግቢው ልማድ ይባላል። ሱሁር ይቅረብልን ሲባል ግን ሃይማኖት ግቢ ገባ ይባላል። የዶርሙ ጥግ ላይ ሰግዶ የሚነሳ ልጅ ግቢውን አሰለመ ይባላል። ሁለቱም የተማሪ ፍላጎት ነው፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይን ማየት ይቻላል። ሱሁርን ከእራት ጋር አስቀድሞ የሚያድል ግቢ አውቃለሁ። ምንም አልተበላሸም። ሰላት የሚሰግድበትን አንድ ክፍል ያገኘ ተማሪ ኮሪደር ላይ ከጥበቃ ጋር አይጣላም። ዒድ ከፈተና ጋር ሲጋጭ ፈተናውን በሁለት ቀን የሚያዘዋውር ዲፓርትመንት ተማሪው ቤተሰቡ ጋር ደርሶ ተመልሶ እንዲፈተን ያደርጋል። በዚያ ግቢ ያለ ሙስሊም ተማሪ ሀገሩ ስሙን እንደምታውቅ ያየዋል። ንግግር አያስፈልገውም።

የመጨረሻውን ጥያቄ ልመልስ። ሀገርና ሃይማኖት ቢጋጩ የቱን ትመርጣላችሁ ብለዋል ጸሐፊው።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። አንድ ኮርስ መግባት አቁማ ነበር። ውጤቷ ጥሩ ነው፣ ታማም አይደለም። ስናወራ ቆይተን ነገሩ ወጣ። በውይይት ሰዓት ይህንኑ ጥያቄ ጠይቀዋታል። ቀድመሽ ሙስሊም ነሽ ወይስ ኢትዮጵያዊት? ሁሉም ዞሮ አያት። መልስ አልሰጠችም፣ ወጥታ ሄደች። ጥያቄው ከብዶሽ ነው ወይ አልኳት።

«አይደለም» አለችኝ። «መልሱን አውቀዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ተማሪ አለ። የተጠየቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።»